አሥራ ሦስት ወራት በአንድ ኢነም፦ ለቋሚ ስሞች መረጃ ማያያዝ

በፕሮግራም ቋንቋዎች ኢነም (enum) አስቀድመው የታወቁ፣ ተቆጥረው ያለቁ እሴቶችን ብቻ የሚይዝ ዓይነት ነው። የሳምንቱ ቀናት ሰባት፣ የኢትዮጵያ ወራት አሥራ ሦስት፣ ዘመናት የሚጠሩባቸው ወንጌላውያን አራት ናቸው። እስከዚህ ድረስ ለጀማሪም ግልጽ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እያንዳንዱ አባል፣ ማለትም እያንዳንዱ እሴት፣ ከስሙ ሌላ የሚነገርለት ነገር ሲኖረው ነው። ወሩ ስንተኛ ነው? ስንት ቀን አለው? በዳታቤዝ ውስጥ በምን ኮድ ይቀመጣል?

ብዙ ፕሮግራሞች ይህን መረጃ የሚያስቀምጡት ከኢነሙ ውጭ፣ በየቦታው በተጻፉ ስዊቾች («ይህ ከሆነ ይህን፣ ያ ከሆነ ያን» በሚሉ የምርጫ ትእዛዞች) ውስጥ ነው። የቀን መቁጠሪያው ገጽ አንድ ስዊች አለው፤ የወለድ ማስሊያው ሌላ፤ የሪፖርቱ ክፍል ሦስተኛ። ሦስቱም መስማማት አለባቸው፤ እንዲስማሙ የሚያስገድዳቸው ግን የለም። ይባስ ብሎ ጸሐፊው አሥራ ሁለት መስመር መጻፍ ስለሚሰለቸው «ሌላ ከሆነ 30» የሚል ማሳረፊያ ያስቀምጣል። ጳጉሜን ከተረሳች በዚያ በኩል ትገባና 30 ቀን ይሰጣታል። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ መልእክትም አያወጣም፤ የአምስት ቀን ወለድ የሠላሳ ሆኖ ይታሰባል። እንዲህ ያለ ስህተት ፕሮግራሙን ከሚያቆም ስህተት የከፋ ነው፤ ማንም ሳያየው ለወራት ይቆያልና።

መፍትሔው መረጃውን ከባለቤቱ ጋር ማስቀመጥ ነው። ይህን በቀጥታ ከሚፈቅዱት ቋንቋዎች አንዱ ጃቫ ስለሆነ በእርሱ እንጀምር። ጃቫ ኢነምን ያገኘው በ5ኛው ስሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ተራ ቁጥሮችን በቋሚ ስም ይጠቀም ነበር። በጃቫ እያንዳንዱ የኢነም አባል ሙሉ ኦብጀክት ነው፤ ስለዚህ ፊልድ (መረጃ የሚይዝ ቦታ)፣ ኮንስትራክተር (አባሉ ሲፈጠር ፊልዶቹን የሚሞላ ኮድ) እና ሜተድ (ሲጠራ ሥራ ሠርቶ መልስ የሚሰጥ ኮድ) ሊኖረው ይችላል። የአባላቱ ዝርዝር እንዲህ ይጻፋል፦

መስከረም(1, 30),
ጥቅምት(2, 30),
ኅዳር(3, 30),
…
ነሐሴ(12, 30),
ጳጉሜን(13, 5);

(ጃቫ፣ ፓይተንና ሲ ሻርፕ የፊደል ገበታችንን ለስም ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ስሞቹ እንዳሉ በአማርኛ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሦስት ነጥቦቹን በቀሩት ወራት ይተኩ። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ (ኢንኮዲንግ) መቀመጡን ግን ያረጋግጡ፤ ከጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ስብስብ) 18 በፊት ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ የሚከተለው የኮምፒውተሩን የራሱን ኢንኮዲንግ ነበር።)

በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ወደ ኮንስትራክተሩ ይሄዳሉ። ከመጨረሻው አባል በኋላ ያለው ነጥብ ሰረዝ አይዘለልም፤ ከእሱ በታች ፊልድ ወይም ሜተድ ሊጻፍ ከሆነ ግዴታ ነው። ከዚያ ሁለት ፊልዶች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለተራ ቁጥር፣ ሌላው ለቀናት፤ ሁለቱም ፕራይቬት (ከውጭ የማይነካ) እና ፋይናል (አንዴ ከተሞላ የማይቀየር)። ኮንስትራክተሩ ሁለቱን ቁጥሮች በዚያው ቅደም ተከተል ተቀብሎ ፊልዶቹን ይሞላል። ኮንስትራክተሩ ፐብሊክ (ለውጭ ክፍት) ሊደረግ አይችልም፤ ከተደረገ ኮምፓይለሩ ይከለክላል፤ ምክንያቱም አባላቱን የሚፈጥረው ጃቫ ራሱ ነው፣ ያውም ክላሱ (ኢነሙ ራሱ) ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ። በመጨረሻ ፊልዶቹን የሚያነቡ ሜተዶች ይጨመራሉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው አዲስ አባል ሲጨምር የቀናቱን ቁጥር ቢረሳ ፕሮግራሙ ጭራሽ ኮምፓይል አይሆንም። የዚህ ሁሉ ድካም ዋና ዓላማም ይኸው ነው፤ መረጃውን የማስታወሱን ኃላፊነት ከሰው ወደ ኮምፓይለሩ ማዛወር።

ፊልዶቹ ፋይናል መሆናቸው የቅጥ ጉዳይ አይደለም። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያለው መስከረም አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ክፍሎች፣ ሁሉም ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) የሚያዩት እሱኑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ፊልዱ ቢቀየር ለሁሉም ይቀየራል። ፋይናል ማድረግም ብቻውን አይበቃም፤ ፊልዱ ሊስት ወይም አሬይ (የብዙ እሴቶች ዝርዝር) ከሆነ ውስጡ አሁንም ሊለወጥ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የማይለወጥ ሊስት ይጠቀሙ።

ጳጉሜንን እንደገና እንያት። አምስት ቀን ብለናታል፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ስድስት ናት። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለን ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ የሉቃስ ነው። ባሕረ ሐሳብ 5500 ደምሮ ለ4 ያካፍላል፤ ነገር ግን 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል መደመሩ ቀሪውን አይለውጠውም። 2015 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፤ ጳጉሜንም ያን ዓመት 6 ቀን ነበራት። ስለዚህ የወሩ ርዝመት ከዓመቱ ውጭ ሊነገር አይችልም፤ ቀናትን የሚመልሰው ሜተድ ዓመቱን መቀበል አለበት፦ ወር.ጳጉሜን.ቀናት(2015) ሲጠራ 6፣ ወር.ጳጉሜን.ቀናት(2014) ሲጠራ 5።

ይህን በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንደኛው ለጳጉሜን ብቻ የራሷን አካል መስጠት ነው፤ ከቅንፉ በኋላ ጥምዝ ቅንፍ ተከፍቶ ሜተዱ እንደገና ይጻፍላታል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ቁጥር፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ፣ ማስቀመጥ ነው፦ መስከረም(1, 30, 30) እና ጳጉሜን(13, 5, 6)። አንዱ የጋራ ሜተድ በዘመነ ሉቃስ ከፍተኛውን፣ አለዚያ ዝቅተኛውን ይመልሳል።

ለወራቱ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ልዩነቱ የቁጥር እንጂ የአሠራር ስላልሆነ ቁጥር ሆኖ ቢቀመጥ ይነበባል። የመጀመሪያው መንገድ ደግሞ አንድ የማይታይ ውጤት አለው፤ የራሱ አካል ያለው አባል በውስጥ ስም የለሽ ንዑስ ክላስ ይሆናል። ስለዚህ ጳጉሜንን በ«ጌትክላስ» ብንጠይቃት የምትመልሰው ክላስ ከመስከረም የተለየ ነው። ክላስ እያነጻጸረ የሚሠራ ኮድ ካለ አሥራ ሁለቱ ወራት እየሠሩ ጳጉሜን ላይ ብቻ ይሰናከላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ጌትዲክሌሪንግክላስ» ነው፤ እሱ ለሁሉም ያንኑ ይመልሳል። የየራሱ አካል የሚያዋጣው አባላቱ በእውነት የተለያየ ስሌት ሲኖራቸው ነው፤ ያኔ ሜተዱን አብስትራክት (አካሉ ለየአባሉ የተተወ) ማድረግ ይሻላል፤ አንድ አባል ስሌቱን ሳይጽፍ ከቀረ ኮምፓይለሩ ይጠቁማልና።

አሁን ወደ ተራ ቁጥሩ እንምጣ። ጃቫ ለእያንዳንዱ አባል በተጻፈበት ቅደም ተከተል ከ0 ጀምሮ የሚሰጠው «ኦርዲናል» የሚባል ቁጥር አለው። ታዲያ ለምን የራሳችንን ቁጥር እንጽፋለን? አራቱን ወንጌላውያን በለመድነው ቅደም ተከተል ብንጽፋቸው ይታያል፦

ማቴዎስ(1),
ማርቆስ(2),
ሉቃስ(3),
ዮሐንስ(0);

በቅንፍ ያለው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚቀረው ነው። አንድ ሰው ይህን ቁጥር ትቶ ቀሪውን በቀጥታ እንደ ኦርዲናል ቢጠቀም 2015 ላይ 3ን ይዞ ይሄድና ዮሐንስን ያገኛል፤ ምክንያቱም የዮሐንስ ኦርዲናል 3 ነው። ዘመኑ ግን የሉቃስ ነበር። ኦርዲናል የሚነግረን አባሉ በፋይሉ ውስጥ የት እንደተጻፈ ብቻ ነው። የፈረንጆቹን አሥራ ሁለት ወራት የያዘው የጃቫ የራሱ ኢነም እንኳ ሰነዱ ላይ የወሩን ቁጥር በኦርዲናል እንዳንወስድ፣ ለዚያ የተዘጋጀውን ሜተድ እንድንጠቀም ያሳስባል።

ጉዳቱ የሚከፋው ኦርዲናል ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ነው። ጄፒኤ (የጃቫ ኦብጀክቶችን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት) ሌላ ካልተነገረው በስተቀር ኢነምን የሚያስቀምጠው በኦርዲናል ነው። የትዕዛዝ ሁኔታን የሚይዝ ኢነም አስቡ፦ ተመዝግቧል 0፣ ተልኳል 1፣ ደርሷል 2። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው «ታሽጓል» የሚለውን በተፈጥሮ ቦታው፣ ከ«ተመዝግቧል» ቀጥሎ ያስገባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ድሮ የተላኩት ሁሉ «ታሽጓል»፣ የደረሱት ሁሉ «ተልኳል» ሆነው ይነበባሉ። አዲሶቹ መዝገቦች ደግሞ በአዲሱ ቁጥር ይገባሉ፤ ስለዚህ ስህተቱ ዘግይቶ ሲታወቅ የትኛው 1 አሮጌ፣ የትኛው 1 አዲስ እንደሆነ መለየት በጣም ያስቸግራል።

በስም ማስቀመጥ ከዚህ ይሻላል፤ ግን በእኛ ፊደል የራሱ ወጥመድ አለው። ኅዳር በኀ፣ በሐ ወይም በሀ ይጻፋል፤ ታኅሣሥና ታህሳስ፣ ሐምሌና ሃምሌ፣ ጳጉሜንና ጳጉሜ ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ሆሄያት ናቸው፤ የዩኒኮድ ማስተካከያ ሥርዓትም ሀን፣ ሐንና ኀን አያዋህድም። አባሉ «ኅዳር» ተብሎ ከተጻፈ «ህዳር» የሚል ጽሑፍ አባሉን በስሙ ለሚፈልገው «ቫሊዩኦፍ» ብንሰጠው ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል። ስለዚህ የሚቀመጠው ኮድ ከሚታየው ስም መለየት አለበት። ኮዱ አጭር፣ በእጅ የተጻፈና አንዴ ከተሰጠ የማይለወጥ ይሁን፤ ለወራት 1 እስከ 13፣ ለትዕዛዝ ሁኔታ ደግሞ ሁለት ሦስት ፊደል። በኮዱና በኢነሙ መካከል የሚተረጉመው ኮንቨርተር አንድ ቦታ ይጻፋል።

ለተጠቃሚው የሚታየውን ስምስ ከአባሉ ጋር ማያያዝ ይገባል? ፕሮግራሙ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚኖር ከሆነ አያስቸግርም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚቀርብ ከሆነ ግን ኢነሙ ውስጥ ሦስት ፊልድ መደርደር ተርጓሚው ባረመ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ማድረግን ይጠይቃል። አባሉ የትርጉም ቁልፍ ብቻ ይያዝ፤ ትርጉሞቹ በየቋንቋው ፋይል ይቀመጡ።

ከኮድ ወደ አባል መመለስም ያስፈልጋል፤ 13 የሚል ቁጥር ከዳታቤዝ ሲመጣ ጳጉሜንን ማግኘት። ለአሥራ ሦስት አባላት በየጊዜው ዝርዝሩን ማሰስ ብዙ አይከብድም፤ ሆኖም አባላቱን ሁሉ የሚመልሰው «ቫሊዩስ» በተጠራ ቁጥር አዲስ የአሬይ ቅጂ እንደሚሠራ ይታወቅ። ብዙ ጊዜ የሚጠራ ከሆነ አንድ ስታቲክ (ለመላው ኢነም የጋራ የሆነ) ማፕ፣ ማለትም ከኮድ ወደ አባል የሚመራ ዝርዝር፣ አዘጋጅቶ ከእሱ መፈለግ ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፤ ማፑን በኮንስትራክተሩ ውስጥ ሊሞላው ይሞክራል። ኮምፓይለሩ አይፈቅድም፤ አባላቱ የሚፈጠሩት ከሌሎቹ ስታቲክ ፊልዶች በፊት ስለሆነ በዚያ ሰዓት ማፑ ገና የለም። ማፑ ከአባላቱ በታች፣ በስታቲክ ብሎክ ውስጥ ይሞላ። እየተሞላ ሳለ አንድ ኮድ ሁለት ጊዜ ከመጣ ወዲያው ኤክሴፕሽን ይወርወር፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን በዝምታ ይተካዋል። የማይታወቅ ኮድ ሲመጣም ባዶ ከመመለስ የኮዱን ዋጋ የያዘ ግልጽ ስህተት መስጠት ይሻላል።

የሚነገር ሁሉ ግን ወደ ኢነሙ አይግባ። ወሩ በስክሪን ላይ የሚታይበት ቀለም የገጹ ጉዳይ ነው፤ የቀን ስሌቱ ስለ ቀለም ማወቅ የለበትም። እንዲህ ያለው በሚመለከተው ክፍል ውስጥ በ«ኢነምማፕ» (ቁልፉ የኢነም አባል በሆነ ማፕ) ይያዝ፤ እሱ ውስጡ በኦርዲናል የሚሠራ ተራ አሬይ ስለሆነ ፈጣን ነው። ጉድለቱ ያልተሞላ አባል ሲጠየቅ ናል (ባዶ) መመለሱ ነው። ከጃቫ 14 ጀምሮ ያለው ዋጋ የሚመልሰው ስዊች ይህን ይሸፍናል፤ «ሌላ ከሆነ» የሚለውን ማሳረፊያ ካልጻፍንበት አንድም አባል ሲቀር ኮምፓይል አይሆንም። ያን ማሳረፊያ ለደኅንነት ብሎ የሚጨምር ሰው ጥበቃውን በገዛ እጁ ያነሳዋል።

ብዙ ሌሎች ቋንቋዎች እንደዚህ ለጋስ አይደሉም። በሲ ሻርፕ ኢነም ስም የተሰጠው ኢንቲጀር ብቻ ነው፤ ፊልድ አይቀበልም። ብዙዎች በየአባሉ ላይ አትሪቢዩት (ተጨማሪ ማስታወሻ) ለጥፈው በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሮጠ የራሱን ኮድ በመመርመር) ያነቡታል። ለመግለጫ ጽሑፍ ይሆናል፤ ለገንዘብ ግን አይሆንም፤ አትሪቢዩት የዴሲማል (የአሥርዮሽ ቁጥር) ዓይነትን አይቀበልም። ሪፍሌክሽንም ዘገምተኛ ስለሆነ የተነበበው በማፕ ቢያዝ ጥሩ ነው። በኤክስቴንሽን ሜተድ (ከኢነሙ ውጭ ተጽፎ በሚታከል ሜተድ) ውስጥ ስዊች መጻፍ ከዚህ ይቀላል። መረጃው ከበዛ ደግሞ ኢነሙን ትቶ ኮንስትራክተሩ ፕራይቬት የሆነ፣ አባላቱን በስታቲክ ፊልድ የያዘ ተራ ክላስ መጻፍ ይሻላል፤ የጃቫን ኢነም በእጅ እንደመሥራት ነው። የትኛውም ቢመረጥ የሲ ሻርፕ ኢነም ማንኛውንም ቁጥር በካስት (ዓይነቱን በግድ በመቀየር) እንደሚቀበል አይዘንጋ፤ 14ን ወደ ወር ብንቀይር ቅሬታ አያሰማም። ከውጭ የመጣ ቁጥር ሁልጊዜ ይፈተሽ።

የፓይተን ወጥመድ ከሁሉም ይለያል። ኢነም ወደ ፓይተን የገባው በ3.4 ስሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የቀናቱን ቁጥር ብቻ እንደ ዋጋ እንስጥ፦

መስከረም = 30
ጥቅምት = 30
…
ጳጉሜን = 5

ይህ ያለ ስህተት ይሠራል፤ አባላቱን ብንቆጥር ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ፓይተን ዋጋቸው እኩል የሆኑ አባላትን እንደ አንድ አባል ሁለት ስሞች ይወስዳል፤ ጥቅምት የመስከረም ተቀጽላ ሆነ፣ ኅዳርም፣ ታኅሣሥም፣ እስከ ነሐሴ ድረስ። ጥቅምትን ብናትም መስከረም ብሎ ይታተማል። መድኃኒቱ ዋጋው ውስጥ የሚለይ ነገር ማስገባት ነው፦ መስከረም = (1, 30)። ከክላሱ በላይ «ዩኒክ» የሚለውን ዲኮሬተር (በክላሱ ላይ የሚጨመር ምልክት) ማስቀመጥ ደግሞ ድግግሞሽ ሲኖር ክላሱ ሲፈጠር ስህተት ያስነሳል፤ ሁልጊዜ እንዲደረግ እንመክራለን። ዋጋው ቱፕል (እንደ (1, 30) ያለ ጥንድ) ሲሆን በቁጥር ብቻ መፈለግ እንደማይሠራ ይታወቅ፤ ወር(1) ስህተት ይሰጣል፣ ሙሉው ወር((1, 30)) ነው የሚገኘው። በ1 ብቻ እንዲገኝ ከተፈለገ በ«ኒው» ልዩ ሜተድ ውስጥ የአባሉን ዋጋ ቁጥሩ ብቻ አድርጎ፣ ቀናቱን እንደ ተጨማሪ አትሪቢዩት (በፓይተን ፊልድ ማለት ነው) መመደብ ያስፈልጋል።

ፒኤችፒ ከ8.1 ጀምሮ ኢነም አለው፤ አባላቱ ፊልድ አይይዙም፣ ሜተድ ግን አላቸው፤ ስለዚህ መረጃው በሜተዱ ውስጥ ስዊችን በሚመስለው «ማች» ይጻፋል። በታይፕስክሪፕት ኢነሙን ቁልፍ ያደረገ «ሪከርድ» ዓይነት አንድ አባል ሲጎድል በኮምፓይል ጊዜ ይናገራል። ኮትሊን እንደ ጃቫ ነው።

አንድ ልዩነት ሳይምታታ ይያዝ። እስካሁን ያነሳነው መረጃ የአባሉ ነው፤ ጥር ለማንም፣ መቼም 30 ቀን ነው። የክፍያ መንገድን ብንወስድ ግን ጥሬ ገንዘብ ምንም አይጨምርም፣ ቴሌብር የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ዝውውር የሒሳብ ቁጥር ይፈልጋል፤ ስልኩም ከክፍያ ክፍያ ይለያያል። ይህን በጃቫ ኢነም ፊልድ ውስጥ ማስቀመጥ የአንዱን ደንበኛ ስልክ ለሌላው ማሳየት ነው፤ አባሉ የሁሉም የጋራ ነውና። ስዊፍትና ረስት የተባሉት ቋንቋዎች በኢነማቸው ውስጥ እንዲህ ከክፍያ ክፍያ የሚለያይ መረጃ መያዝን ይፈቅዳሉ። በጃቫ የዚህ ቦታ በ17ኛው ስሪት የጸናው ሲልድ ኢንተርፌስ (ዝርያዎቹ ተቆጥረው ያለቁ ዓይነት) እና በ16ኛው የጸኑት ሪከርዶች (መረጃ ለመያዝ የተዘጋጁ ክላሶች) ናቸው።

በሕግ የሚወሰን ቁጥርም ኢነም ውስጥ አይግባ። በኢትዮጵያ የደመወዝ ገቢ ግብር እርከኖችን አንድ ሰው በ2016 ዓ.ም. እንደ ኢነም ጽፏቸው ቢሆን ሰባት አባላት ይኖሩት ነበር፤ ከግብር ነፃው፣ ከዚያ ከ10 እስከ 35 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃውን ጣሪያ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎ የ10 በመቶውን እርከን አስቀረው። ቁጥሮቹ ብቻ ሳይሆኑ አባላቱ ራሳቸው ተለወጡ፤ የቆየ ወር ደመወዝ እንደገና ሲታሰብ ግን አሮጌዎቹ አሁንም ያስፈልጋሉ። ይህ የሠንጠረዥ ሥራ ነው፤ ከ–እስከ የሚጸናበት ቀን ያለው የዳታቤዝ ሠንጠረዥ።

ለሚቀረው ኢነም አጭር ፈተና ይጻፍ። አባላቱን ሁሉ በሉፕ ዞሮ ኮዳቸው እንደማይደገም፣ ከአባል ወደ ኮድ፣ ከኮድ ወደ አባል ሲሄድ ያው አባል እንደሚመለስ ያረጋግጥ። ለወራት ደግሞ አንድ ተጨማሪ መስመር ይበቃል፦ የአሥራ ሦስቱ ቀናት ድምር በ2014 365፣ በ2015 366 መሆን አለበት።